አራተኛው ሰላምታ

በሰንበሌጥ ሜዳ ሰው ሰውን «እንዴት አደርክ?» ብሎ ከጠየቀ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ማንም አልከለከለም። የሚያስፈልግ ሆኖ ስላልተገኘ ቀረ እንጂ። ሁለት ጎረቤታሞች ከእሳተ ገሞራው ተራራ እንፋሎት በሚያመጣው ቧንቧ ሥር ሲተላለፉ ጆሯቸው ላይ የተሰካችው ፍሬ ቀድማ ትነግራቸዋለች፦ «ጋሽ ዱባለ። ሰባት ሰዓት ተኝተዋል። የደም ግፊታቸው ደህና ነው። ሴት ልጃቸው ትናንት ደውላለች።» ከዚህ በኋላ ምን ይጠየቃል? አንገት ነቅነቅ አድርጎ ማለፍ ነው። ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ሟቹ በምን እንደሞተ፣ ስንት ቀን እንደታመመ፣ ልጁ ስንት ጊዜ እንዳለቀሰ ሳይቀር አውቆ ስለሚመጣ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ሠርግ ላይም «ሙሽሪት እንዴት ናት?» የሚል የለም። የሙሽሪት የልብ ምት መቶ አሥር ነው፣ አለቀ።

ይህን ሁሉ የሚያውቀውን መላሽ ይሉታል። በየቤቱ፣ በየጆሮው፣ በየመንገዱ አለ። ፀሐይ ስትገባ ደግሞ በተራው እሱ ይጠይቃል፤ ለየቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ፦ «ቤት ደህና?» ሰዉም «ደህና፣ ተመስገን» ይላል። መላሽም ይመዘግባል፦ ቤት ደህና።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉዱ። መላሽን የሠሩት ሰዎች የት አገር ሰዎች እንደሆኑ እንጃ፤ ግን አንድ ጊዜ ሲጠየቁ እውነቱን የሚናገሩ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ደብሪቱ አያልነህ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት። የሰንበሌጥ ሜዳ ጠያቂ ናት። መላሽ አገር ውስጥ ሲገባ የወጣ አንድ ደንብ ነበር፦ በየከተማው አንድ ሰው ይቀመጥ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ሰውን ይጠይቅ፣ የሰማውን ለመላሽ ይላክ፤ ምናልባት መላሽ የማያውቀው ነገር ቢገኝ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ጡረታ ወጡ። ጠያቂዎቹም አንድ በአንድ ተነሱ። በመጨረሻ በጠቅላላው አገር ደብሪቱ ብቻ ቀረች፤ እሷም ማንም ስላላስታወሳት ይመስለኛል። ጥላዋን ይዛ፣ ቦርሳዋን አንግታ ጠዋት ጠዋት ትዞራለች። አራት ዓመት ሙሉ የላከችው ሁሉ በሁለት ቃል ተመልሷል፦ ቀድሞ የታወቀ።

ሰኞ ዕለት አንድ የምዘና ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ምስክር ይባላል፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ፀጉሩ የተበጠረ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ አልደብቅዎትም» አላት። «እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ መላሽ የማያውቀውን ከላኩ ቦታዎ ይቀጥላል። ካልሆነ ይዘጋል።»

«አራት ዓመት ያጣሁትን በአምስት ቀን?»

«ደንቡ ነው።»

«ይሁን እሺ። ጫማዎ ግን ለዚህ አሸዋ አይሆንም» አለችና ጥላዋን ዘረጋች።

ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ይህ ሥራ ከተዘጋ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ጆሮዋ ላይ ያለችው ፍሬ የጎረቤቶቿን የእንቅልፍ ሰዓት እየነገረቻት፣ እሷም ግድግዳ እያየች ልትኖር ነው። ያን ትፈራለች። ከሞት ይልቅ ትፈራለች ብል አልዋሽም።

የመጀመሪያው ቤት በሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ያለው የዘይነባ ቤት ነበር። ዘይነባ ደጃፏ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። የጠያቂዋ መምጫ ሰዓት ይታወቃላ።

«ዘይነባዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አደርኩ።»

ምስክር ይህን ሲሰማ ሥራው ያለቀ መስሎት ወደሚቀጥለው ቤት መራመድ ጀመረ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ ዞር ቢል ደብሪቱ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ደህና ነሽ ግን?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ልጆቹስ? ልጅሽ ሙናስ?»

«ሁሉም ደህና ናቸው።»

ምስክር አንገቱን እያከከ ተመለሰ። ጆሮው ላይ ያለችው ፍሬ ቀድማ ነግራዋለች፦ ዘይነባ ሐሰን፣ ጤናማ፣ ቤት ደህና።

«ጉልበትሽስ? ቤቱስ? እንዲያው ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን።» ዘይነባ ሻሿን አስተካከለች። ወደ ኋላዋ ዞር አለች። «ብቻ ይቺ በር አስቸገረችኝ። ከረቡዕ ጀምሮ አልዘጋ አለች። ኧረ ተይኝ፣ ደግሞ ለዚህም ይወራል!»

በዚህ አገር አንደኛውን «ደህና ነህ?» ማንም ከልቡ አይመልሰውም። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ሰውየው ይተነፍሳል። አራተኛው ላይ፣ የታገሠው ካለ፣ ይናገራል። ደብሪቱ ይህን ከማንም አልተማረችም፤ እናቷም አክስቷም እንደዚሁ ነበሩ። የበሩን ነገር ላከች። መልሱ ዓይን ሳይጨፈን መጣ፦ «በር በሙቀት ያብጣል። ሰሞኑን ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ነው። ቀድሞ የታወቀ።»

«አዩ?» አለ ምስክር፣ በክፋት ሳይሆን።

ማክሰኞ ጋሽ ዱባለ ቤት ገቡ። ጋሽ ዱባለ ሠላሳ ዓመት የእንፋሎት ቧንቧ መዝጊያ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሥራቸው ይዘው የወጡት አንድ ነገር ቢኖር እንቁላል የምታህል የብረት ብይ ናት፤ ትልቁን መዝጊያ በቀላሉ ከሚያዞረው ኩሽኔታ የወጣች። በአራተኛው ሰላምታ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደህና ነኝ፣ ደብሪቱ። ብቻ ይቺ ብይ ጠረጴዛ ላይ አላርፍ አለችኝ። ባስቀመጥኳት ቁጥር ተነስታ ወደ መንገዱ ትንከባለላለች። ሁለት ጊዜ እግሬ ላይ ወድቃለች።»

«ለመላሽ ነገሩት ጋሽዬ?»

«ምን ብዬ? ብይ ሸሸችኝ ብዬ? አብዷል ይበለኝ?»

ላከች። «የወለሉ ዝንባሌ በተፈቀደው ልክ ነው። ቀድሞ የታወቀ።»

ረቡዕ በዚያው ረድፍ ያለች አንዲት ልብስ ሰፊ የቧንቧ ውኃዋ ጠዋት ጠዋት ሞቆ እንደሚመጣ ነገረቻቸው። ቀድሞ የታወቀ፤ ፀሐይ ነው። ሐሙስ ስድስት ቤት ዞሩ። ሦስቱ ስለ መስኮት፣ አንዷ ስለ ደረጃ፣ ሁለቱ ስለማትረባ ምራት። መላሽ ስለ ምራቶቹ እንኳን መልስ ነበረው።

ሐሙስ ቀትር ላይ ከቧንቧው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ቆሎ ሲበሉ ደብሪቱ ልማዷ ሆኖ ምስክርን ጠየቀችው። እንዴት ነህ አለችው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ እርስዎ ማለቱን ትታለች። ደህና ነኝ አለ። ደህና ነህ ግን? ደህና። ቤተሰብስ? ደህና። እንዲያው አንተስ ራስህ፣ ደህና ነህ?

ምስክር ቆሎውን ከእጁ ወደ እጁ ገለበጠ።

«ደህና ነኝ። ብቻ አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ቀያሽ ነበር፤ ትንሽ ሆኜ ገመዱን እኔ ነበርኩ የምይዝለት። ሲያርፍ መላሽ ነው የነገረኝ። ሰዓቱን፣ ምክንያቱን፣ ሁሉንም ነገረኝ። ሥራ ቦታም ሁሉም ሰው አወቀ። ታዲያ ስላወቀ ማንም አልጠየቀኝም።» የቆሎውን ገለባ እፍ አለና «አሁን ለምን ይህን እንደምነግርዎት አላውቅም» አለ።

«ስለጠየቅኩህ ነዋ» አለችው። ጥላውን ወደሱ አዘነበለችለት።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ምስክር የሥራ ቦታዋን መዝጊያ ቅጽ ይዞ ቤቷ መጣ። ቤቷ የሦስተኛው ረድፍ የታችኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ከላይ የዘይነባ፣ መሃል የጋሽ ዱባለ፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ፣ በመጨረሻ የሷ። ደብሪቱ ለባብሳ ተዘጋጅታለች። ቅጹን ስታይ ዞር ብላ የማያስፈልጋትን ነገር ፈለገች።

ምስክር ሊያስፈርማት አፉን ከፈተና ሌላ ነገር ወጣው።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ ደብሪቱ?»

ደነገጠች። ጠያቂን ማን ይጠይቃል? አሥራ አንድ ዓመት ማንም አልጠየቃትም።

«ተመስገን፣ ደህና።»

«ደህና ነዎት ግን?»

«ደህና ነኝ አልኩህ እኮ።»

«ጤናዎስ? እንቅልፍስ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ!»

ምስክር ቅጹን አጠፈና ኪሱ ከተተ። መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ እንደሷ ታግሦ።

«እንዲያው ቤቱስ? እርስዎስ? ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ብቻ…» ደብሪቱ ሳቅ አላት፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። «ብቻ የኔም በር አይዘጋም። ስምንት ቀኑ ነው። በመቀነቴ ነው እያሰርኩ የማድረው።»

«ስምንት ቀን! ለምን አልላኩትም?»

«እንዴ! እኔ የሰው ቤት ልጠይቅ ነው የተቀመጥኩት። የራሴን በር ልከስ?»

ምስክር ተነስቶ በሩን አየ። ወደ ታች ወርዶ ነው እንጂ አላበጠም፤ ከላይ በኩል በምዕራቡ ማዕዘን ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። የዘይነባም በር ክፍተቱ በዚሁ ማዕዘን ነበር። ደጁ ላይ ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ረድፉን ወደ ላይ ተመለከተ፣ አባቱ ያስተማረው አስተያየት ነው። የጋሽ ዱባለን ቤት አገኘ። ከዚያ ጀርባ የዘይነባን። ሦስቱም በአንድ መስመር፣ በገመድ እንደተሳበ።

«በሩ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «መሬቱ ነው።»

የመላሽ የመሬት መለኪያዎች ሁሉ እሳተ ገሞራው ተራራ ላይ ተተክለዋል። ተራራው ደግሞ ጸጥ ብሏል። መላሽ ቤቶቹን በየማታው ጠይቋል፤ ቤቶቹም ደህና ብለዋል።

ደብሪቱ ጆሮዋን ነካች። ይህን ጊዜ አንድ በር አልላከችም፣ አንዲት ብይ አልላከችም። ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋ ጠየቀች፦ የዘይነባ በር፣ የጋሽ ዱባለ ብይ፣ የልብስ ሰፊዋ ውኃ፣ የሷ መቀነት፣ ሁሉም በአንድ መስመር፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን። ለምን?

መላሽ ዝም አለ።

ምስክር በሕይወቱ መላሽ ዝም ሲል ሰምቶ አያውቅም። አሥር ያህል ቆጠረ። ሃያ ቆጠረ። ከዚያ ድምፁ መጣ፦ «ይህ ከዚህ በፊት አልተጠየቀም። መልስ የለኝም። እየፈለግኩ ነው።»

«እሰይ! አገኙ!» ምስክር እንደ ልጅ ዘለለ። «ቦታዎ ቀጠለ፣ እትዬ ደብሪቱ! ከስድስት ሰዓት በፊት!»

ደብሪቱ ግን ትምህርት ቤቱን እያየች ነበር። በጋሽ ዱባለ ቤትና በሷ ቤት መካከል፣ ልክ መስመሩ ላይ። የልጆቹ የንባብ ድምፅ እስከዚህ ይሰማል።

«ቦታዬን ተወው አሁን» አለችና መሮጥ ጀመረች። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን አልፋ ጋሽ ዱባለ ቤት ገብታ ብይዋን ከጠረጴዛ ሥር አነሳች። «ጋሽዬ፣ ብይዎን ወሰድኩ! እርስዎም ውጡ! ዘይነባን፣ ረድፉን በሙሉ ወደ ሜዳው ያውጡልኝ!» ሽማግሌው ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም፤ ዱላቸውን አንስተው በየበሩ ማንኳኳት ጀመሩ።

ከምስክር ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ስትመለስ ዳይሬክተሩ መምህር ጉተማ በር ላይ ተቀበሏቸው። ወፍራም፣ ጨዋ፣ የትምህርት ቤቱን ስም እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ምስክር እያለከለከ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈላቸው። መምህሩ ጆሯቸውን ነክተው አዳመጡ።

«መላሽ ሕንፃው ደህና ነው ይለኛል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ በፀሐይ አላወጣም።»

ምስክር ሊጮህ ሲል ደብሪቱ ክንዱን ያዘችው። ድምፅዋ እንደ ማንኛውም ጠዋት ነበር።

«መምህር፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እትዬ ደብሪቱ፣ በማርያም!» አለ ምስክር። «አሁን ሰዓቱ ነው?»

«ደህና ነዎት ግን?»

«ደህና።»

«ተማሪዎቹስ? መምህራኑስ?»

«ሁሉም ሰላም ናቸው።»

«ትምህርት ቤቱስ፣ መምህር? ግቢው፣ ክፍሎቹ? እንዲያው ደህና ናችሁ?»

መምህር ጉተማ ወደ ግቢው ዞር አሉ። መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ደህና ነን። ብቻ አምስተኛ ክፍል ግድግዳው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጥታ ነበር። ቀለም አስቀባኋት። በሳምንቱ ተመለሰች። እንደገና አስቀባኋት። ዛሬ ጠዋት…» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ዛሬ ጠዋት እጄን አስገባሁባት።»

ደብሪቱ ብይዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠቻት። ብይዋ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ተነስታ ወደ አምስተኛ ክፍል ሄደች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ በኋላ እየፈጠነች፣ እስኪሰማ ድረስ ግድግዳውን መታች።

መምህር ጉተማ ከዚያ በኋላ የሠሩትን ማንም አይረሳላቸውም። ያን የሚያህል ሰውነታቸውን ይዘው ሮጡና ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ የተሰቀለውን የሐዲድ ብረት በድንጋይ ደበደቡት። አሥራ አንድ ዓመት ያልተደወለ ደወል ነው። ልጆቹ ምን እንደሆነ አላወቁም፤ መምህራኑ ግን አወቁ። ክፍል በክፍል፣ እጅ ለእጅ እየተያያዙ ወጡ። ከላይ በኩል ጋሽ ዱባለ ሦስተኛውን ረድፍ በዱላቸው እየነዱ መጡ፤ ዘይነባ የልጅ ልጇን ታቅፋ፣ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አልተውም ብላ በጭንቅላቷ ተሸክማ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ መስመሩ ላይ ሰው አልነበረም። ምስክር ክፍሎቹን አንድ በአንድ ገብቶ አየ። የሚያብለጨልጨው ጫማው የት እንደወለቀ አያውቅም።

በአምስት ሰዓት ከሃያ መሬቱ ተከፈተ።

አልተንቀጠቀጠም። ሰዎች በኋላ ሲያወሩት የሚያስገርማቸው ይሄ ነው፤ አንድ ከባድ ነገር ከሥር እንደተጎተተ ያለ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ የአምስተኛ ክፍል ግድግዳ ለሁለት ተከፍሎ በእርጋታ ወደ ውስጥ ተኛ። አቧራ ተነሳ። የጋሽ ዱባለ ጠረጴዛ ከነቤቱ ገባ። የዘይነባ በር ገባች። የደብሪቱ ቤት በመቀነት እንደታሰረ ጎንበስ ብሎ ቆየና ገባ። ከዘይነባ ደጃፍ እስከ ታችኛው ጫፍ፣ በቀያሽ ገመድ እንደተሳበ ቀጥ ያለ ገደል።

ከረድፉ ሥር ያለፈው የመላሽ ሽቦ ስለተቆረጠ የሁሉም ሰው ፍሬ ድርግም አለች። መላሽ ለደብሪቱ የተናገረው የመጨረሻ ቃል «እየፈለግኩ ነው» ነበር።

አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰው ሜዳው ላይ ቆሞ ተያየ። ማን እንደዳነ፣ ማን እንደተጎዳ፣ የማን ልጅ የት እንዳለ የሚነግር የለም። ከዚያ ዘይነባ ከሕዝቡ መሃል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጮኸች።

«ደብሪቱ! ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ! አንቺስ?»

«አልሐምዱሊላህ! ሙና! ሙና ደህና ነሽ? ጋሽ ዱባለስ?»

«አለሁ! እናንተስ? ልጆቹስ?»

ከዚያማ ማን ያቁመው! ሜዳው በሙሉ ጥያቄ ሆነ። ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ እናትሽስ፣ ወንድምህስ፣ እንዲያው ደህና ናችሁ? ሰው ሰውን አቅፎ እየሳመ ይጠይቃል፤ የተጠየቀው ሳይጨርስ መልሶ ይጠይቃል። አሥራ አንድ ዓመት አፍ ውስጥ የተጠራቀመ ሰላምታ በአንድ ቀትር ወጣ። መምህር ጉተማ ልጆቹን ስም እየጠሩ ቆጠሩ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ጋሽ ዱባለ ረድፋቸውን ቆጠሩ፤ አንድም አልጎደለም። እልልታው ሲነሳ ምስክር ባዶ እግሩን መሬት ላይ ተቀምጦ ሳያፍር አለቀሰ።

ደብሪቱ ብይዋን ለባለቤቷ መለሰች። ጋሽ ዱባለ ሜዳው ላይ አስቀመጧት። ዝም ብላ ቁጭ አለች።

«በቃ፣ ቤታችንን እዚህ እንሠራለን» አሉ።

ምስክር ከሰዓት በኋላ የመዝጊያ ቅጹን ከኪሱ አወጣና ጀርባው ላይ ሪፖርቱን ጻፈ። ቀድሞ ያልታወቀ፦ አንድ። ከሥሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለእያንዳንዱ ከተማ ቢያንስ አሥር ጠያቂ ያስፈልጋል፣ አሠልጣኝ ደብሪቱ አያልነህ ብሎ ጨመረ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሽቦው ተቀጠለ። ፍሬዎቹ በየጆሮው ላይ ነቁ። መላሽ እንደ ልማዱ ጠየቀ።

«ቤት ደህና?»

ቤቱ ገደል የገባበት ሰው ሁሉ፣ ድንኳን ሥር የተቀመጠው ሁሉ፣ በአንድ አፍ መለሰ፦ «ደህና፣ ተመስገን!»

ምስክር ሊስቅ ሲል ደብሪቱ እጇን አነሳች። መላሽ አልጨረሰም ነበር።

«ደህና ናችሁ ግን?» አለ መላሽ።

ሰዉ ተያየ። «ደህና» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ልጆቹስ?»

ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ልጆች ሜዳው ላይ እየተሯሯጡ ነበር። ደህና ናቸው ተባለ። መላሽ ቆየ። እንደ ሰው ታግሦ ቆየና ለየሰዉ በየስሙ ጠየቀ፤ የደብሪቱ ጆሮም ውስጥ ድምፁ ዝቅ ብሎ መጣ።

«እርስዎስ፣ እትዬ ደብሪቱ? እንዲያው ደህና ነዎት?»

ደብሪቱ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። አየር ሳበች።

«ደህና ነኝ» አለች። «ብቻ ቤቴ ገደል ገብቷል፣ እግሬ አብጧል፣ መቀነቴንም በልቶብኛል። እንዲህ ደስ ብሎኝ ግን አያውቅም።»